ጌኮዋ የምትበላው ክሪኬቱ የበላውን ነው

(ጠረጴዛ ላይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን። ጭር ጭር የሚል ድምፅ።)

ይሄ ድምፅ ከስልካችሁ አይደለም። ከዚህ ሳጥን ነው። ውስጡ 50 ክሪኬት አለ። ያ ማታ ማታ ጭር ጭር የሚለው የፌንጣ ዘመድ። የሚዘፍኑት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ ክንፋቸውን እያፋተጉ። ሴቷን ከኋላዋ በወጣው መርፌ መሳይ ነገር ትለዩዋታላችሁ። እንቁላሏን አፈር ውስጥ የምትከተው በሱ ነው።

እኔ ቤት ምን ይሠራሉ? ልጄ ሌፐርድ ጌኮ አለችው። ነጠብጣብ ያላት፣ ጅራተ ወፍራም ትንሽ እንሽላሊት ናት። እዚህ ሜሪላንድ ውሻ የተከለከለ ልጅ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይሄን ነው መሰለኝ። ቅጠል አትበላም፤ ፍራፍሬ አትበላም። ነፍሳት ብቻ፣ ያውም የሚንቀሳቀስ። በደንብ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ክሪኬት የሚገዛው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

መጀመሪያ ላይ ከሱቅ እያመጣሁ በቀጥታ እሰጣት ነበር። ስህተቴ እሱ ነው። የተራበ ክሪኬት ለጌኮ ደረቅ እንጀራ ነው፤ ወጡ ያለው የክሪኬቱ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሷ ከመስጠታችሁ በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ክሪኬቱን ቀልቡት። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ በደንብ የታጠበ ጎመን። ጎመን ካልሲየም ስላለው እሱን አበዛለሁ። ወጥ ስሠራ አንድ ሁለት ቅጠል ለነሱ አስቀራለሁ። ውሃ በሳህን አታድርጉላቸው፤ ሰጥመው ያልቃሉ። የካሮቱ እርጥበት ይበቃቸዋል።

(ካሜራው ወደ ሳጥኑ ይጠጋል።)

ይሄ የእንቁላል ካርቶን ነው፤ ቀጥ አድርጌ አቁሜዋለሁ። ቦታ ሲጠብባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። ክዳኑ ላይ ያለው ወንፊት ደግሞ የሽቦ ነው። መጀመሪያ የናይለን መረብ አድርጌ ነበር፤ ቆርጠው ወጡ። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን አንዱ ከፍሪጁ ጀርባ ገብቶ ሦስት ሌሊት ዘፈነ። «እኔ ከገጠር የወጣሁት ይሄን ላለመስማት ነበር» አለችኝ።

ይሸታሉ ይባላል። የሚሸተው የሞተውና እርጥቡ ነው። በየሁለት ቀኑ ልቀሙት።

ሌላው ሚልዎርም ነው። ትል ይባል እንጂ የጥንዚዛ ልጅ ነው። የሚቀመጠው ፉርሽካ ውስጥ ነው፤ ፉርሽካው ቤቱም ቀለቡም ነው። ፍሪጅ ሲገባ እድገቱ ስለሚዘገይ ሳምንታት ይቆያል። በሳምንት አንዴ አውጡትና ካሮት ስጡት። ሱፐርዎርም የሚባለው ትልቁ ግን ፍሪጅ ውስጥ ይሞታል፤ አታምታቷቸው። ዕቃው ላይ ስሙን ጻፉበት ደግሞ። በሶ መስሎት የከፈተ እንግዳ ነበረን።

(ፌስታልና የካልሲየም ዱቄት።)

አሁን ዋናው ነገር። ክሪኬት ውስጥ ፎስፈረስ ከካልሲየም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጌኮዋ የምትፈልገው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ካልሲየሙ ወደ ሁለት እጥፍ እንዲሆን። ሲያንሳት ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ ይበደራል። መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል። ይሄ ደግሞ አንዴ ከጎበጠ በቀላሉ አይቃናም። ስለዚህ አምስት ክሪኬት ፌስታል ውስጥ፣ ዱቄት ቆንጠር፣ ነቅነቅ። እዩዋቸው፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስለዋል። ሳይቆዩ ስጧት፤ ዱቄቱን ከላያቸው ያራግፉታል። ቫይታሚን ዲ3 ያለበት ዱቄትም አለ። እሱ ሲበዛም ስለሚጎዳ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ።

ክሪኬቱ በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። የተረፈውን አውጡ። ሌሊቱን አብሯት ያደረ የተራበ ክሪኬት እሷኑ ይነክሳታል።

ጣፋጯስ? ንብ የሚያረባ ዘመድ ያለው ያውቀዋል፤ ደካማ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰሙን የሚጨርሰው ነጭ ትል። እዚህ በትንሽ ዕቃ ይሸጣል! ጮማ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ይበቃታል። ልጄ አንድ ጊዜ በላይ በላዩ ሰጣትና ከዚያ በኋላ ክሪኬት ስታይ ፊቷን ማዞር ጀመረች። ስንት ቀን ለመንናት።

ከጓሮ የተያዘ ነገር አትስጡ፤ ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጁንና ጁላይ ላይ እዚህ ማታ ማታ ብልጭ ድርግም የሚሉት ጥንዚዛዎች፣ ልጆች በጠርሙስ የሚይዟቸው፣ ልብ የሚጎዳ መርዝ አላቸው። ቢርድድ ድራገን የሚባለውን ከጌኮ የሚተልቅ እንሽላሊት አንዷ ብቻ ልትገድለው ትችላለች። ጠርሙሱ ከጌኮዋ ክፍል ይራቅ።

እጅ መታጠብ እንዳትረሱ፣ እሷ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይሻላል።

(ወረንጦ ላይ አንድ ነጭ የሆነ ክሪኬት። ጌኮዋ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ትላለች።)

በሉ ዝም ብላችሁ ጅራቷን እዩ። ጫፉ ሲወዛወዝ አያችሁ? እንደ ድመት። አነጣጠረች… አነጣጠረች…

(ጠብ።)

ወሰደችው።