ቃ ቃ የሚለው ድምፅ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ጥፍሬ ስር ያለው ግራሶ ገና ሳይለቅ ነው። የመኪናዬን የፊት አክስል፣ ማለትም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ቤቴ ሆኜ ራሴ ቀየርኩት።

ድምፁ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ስዞር ከፊት ጎማው በኩል ቃ ቃ ቃ ይላል። ቀጥ ብዬ ስነዳ ይጠፋል። ስለሚጠፋም ተውኩት። በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ በጎማው በኩል ያለውን የአክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል። ግራሶው በጎማው የውስጥ ጎን ላይ ተረጭቷል። በተቀደደው በኩል ግራሶ ይወጣል፣ አቧራና ውሃ ይገባል። ውስጥ ያሉትን የብረት ኳሶች የሚበላቸው እሱ ነው። ገና ሲቀደድ አይቼው ቢሆን ላስቲኩንና ግራሶውን ብቻ ቀይሬ አክስሉን አተርፈው ነበር። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጎማው መሃል ላይ ያለው፣ አክስሉን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬን ተይዞ ነው። በብዙ መኪኖች ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ የጠበቀ ነው። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ያን ያህል መታገል አደጋ አለው። ክሪኩንም ብቻውን አትመኑት። ከስር ጠንካራ መደገፊያ ሳይኖር እጄንም አላስገባም።

ሌላው ቶሎ ተፈታ። አክስሉን ከካምቢዮ ሳወጣ ግን ተሳሳትኩ። ዘንጉን ይዤ ጎተትኩት። የውስጠኛው መገጣጠሚያ ተለያየና ዘንጉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ለካ የሚፈለቀቀው ከካምቢዮው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይትም በኋላ ሞላሁ።

አዲሱን ስገፋው ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት ጠቅ ብላ ቦታዋን ያዘች። ቦታው ለዓይን አይታይም። እጅ ነው የሚያውቀው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለማረጋገጥ የመገጣጠሚያውን ቤት ይዤ ቀስ ብዬ ወደኋላ ሞከርኩት። አልመጣም።

አሮጌውን ዳዶ አልመለስኩትም። አዲሱን ዳዶ፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ፣ በመለኪያ መፍቻ አጠበቅኩት። በግምት ማጥበቅ እዚህ ላይ አይሆንም። ከላላ የጎማውን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል።

ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ዞርኩ። በግራ። በቀኝ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ደግሜ ዞርኩ።