ኢሲዋን በበሩ አናግሯት
በጎንደር ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከፒያሳና ከማራኪ የመጣችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ! ሱቅ ዘግቶ መምጣት ቀላል አይደለም። ለመምጣታችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ቺፕ ነው። ላፕቶፕ ፈታችሁ የምታውቁ ሁሉ አይታችኋታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን በቀጫጭን እግር የተሞላች ካሬ ቺፕ ናት። ብዙ ጊዜ አይቲኢ ወይም ኑቮቶን የሚል ይጻፍባታል። ሙሉ ስሟ ኢምቤድድ ኮንትሮለር ነው፤ በየሱቁ ኢሲ እንላታለን።

ላፕቶፑ ተዘግቶም ኢሲዋ ሥራ ላይ ናት። ፓወር በተኑን ስትጫኑ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀል ታያለች። ፋኑን ታዞራለች። ባትሪው ስንት በመቶ እንደደረሰ ትከታተላለች። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች የኪቦርዱን ቁልፎች የምታነበውም እሷው ናት። የራሷ ፕሮሰሰርና የራሷ ፕሮግራም አላት። በብዙ የአይቲኢ ቺፖች ውስጥ ኢንቴል በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ8051 ዝርያ እስካሁን ይሠራል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለጎንደር ሰዎች ምን ይረባል? በጣም ይረባል። ሁለት ምክንያት ልስጣችሁ።

አንዱ ባትሪ ነው። መብራት ይጠፋብናል ብለን ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ ሰክተን እንተወዋለን። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ 100 ፐርሰንት ሞልቶ፣ በዚያ ላይ እየሞቀ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ 80 ላይ ቢቆም ይሻላል። ነገ መብራት የለም የተባለ ዕለት ግን 100 እንዲሞላ እንፈልጋለን። 80 ላይ አቁሚ፣ ዛሬ ግን ሙዪ የሚለውን ትእዛዝ የምትቀበለው ኢሲዋ ናት።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች። አየራችን ከባህር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው። ፋኑ በስንት ዲግሪ ይነሳ፣ በስንት ይፍጠን የሚለው ሰንጠረዥ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሲዋ ውስጥ ነው። ሰንጠረዡን ያወጡት ሰዎች ጎንደርን አላሰቡም።

እንግዲህ ኢሲዋን ማናገር አለብን። በምን በኩል?

በፒሲ ላይ የተለመደው መንገድ ኤሲፒአይ የሚባለው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከማሽኑ ጋር የሚግባባበት ደንብ ውስጥ ተጽፏል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወደብ (ፖርት) ብቻ። በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር፣ ባጭሩ ሄክስ፣ 62 እና 66። በ66 ትእዛዝ ይገባል፣ ሁኔታዋም ይነበባል። በ62 ዳታ ይገባል፣ ይወጣል። ውስጧ 256 ባይት ተደርድሮ ይጠብቃል። ሙቀቱ አንዱ ባይት ላይ፣ የባትሪው ሁኔታ ሌላው ላይ። የትኛው የት እንደሆነ ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ባይት እንዴት እንደሚነበብ ቀስ ብለን እንየው። ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ መጀመሪያ 66ን ያነባል። ከሚያገኛቸው 8 ቢቶች አንዱ፣ ቢት 1፣ አንድ ከሆነ ኢሲዋ ያለፈውን መልእክት ገና አላነሳችም ማለት ነው። ዜሮ እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ 66 ላይ በሄክስ 80 ብሎ ይጽፋል፤ ላነብ ነው ማለቱ ነው። እንደገና ቢት 1 ዜሮ እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ 62 ላይ የሚፈልገውን የባይት አድራሻ ይጽፋል። አሁን ደግሞ ቢት 0 አንድ እስኪሆን ይጠብቃል፤ መልሱ ወጥቷል ማለት ነው። በመጨረሻ 62ን ያነባል። ለአንድ ባይት ይህን ሁሉ! መጻፍም እንደዚሁ ነው፤ ትእዛዙ 81 ይሆናል፣ ከአድራሻው ቀጥሎም የሚጻፈው ባይት ይላካል።

አሁን መሃል ላይ ሌላ ፕሮግራም ጥልቅ ቢልስ? የመጀመሪያው 80 ጽፎ አድራሻውን ሊልክ ሲል፣ ሁለተኛው የራሱን 81 ቢልክ? ኢሲዋ ማን እንደሚያናግራት አታውቅም። የአንዱን ባይት የሌላው አድራሻ ብላ ትይዘዋለች። ለንባብ የተላከ ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ የማይሆን ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

የከርነሉ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፗን የሚያናግረው የከርነሉ ክፍል፣ የመጣው ለዚህ ነው። ድሮ እዚሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ እልፍኝ አስከልካይን ሳያልፍ ንጉሡ ፊት የሚቀርብ አልነበረም። ድራይቨሩም እንደዚያ ነው። ሁሉም ጥያቄ በእሱ በኩል ያልፋል። አንዱ ጉዳዩን ሳይጨርስ ሌላው አይገባም፤ ቁልፍ ይዟል። ኢሲዋ ዝም ካለች ለዘላለም አይጠብቅም። ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ድራይቨር ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ምላሽ የለም ብሎ ይመለሳል። እሷ ራሷ የምትናገረው ሲኖራት፣ ለምሳሌ ቻርጀር ተነቀለ ማለት ስትፈልግ፣ ቢት 5ን ታነሳና ከርነሉን ታቋርጠዋለች። እሱም 84 ብሎ ምን ሆነሽ ነው ይላታል። እሷ አንድ ቁጥር ትመልሳለች። ለዚያ ቁጥር አምራቹ የጻፈው ኮድ ይሠራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ስክሪናችሁ ደብዘዝ የሚለው፣ ከርነሉ ወሬውን ከእሷ ሰምቶ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ።

ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ፋን የሚያፈጥን ስክሪፕት ያገኛሉ። ስክሪፕቱ በቀጥታ ወደብ 62 እና 66 ላይ ይጽፋል። ላፕቶፑ ግን ስክሪፕቱ የተጻፈለት ሞዴል አይደለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል። በዚያኛው ሞዴል የፋን ፍጥነት የሆነው ባይት፣ በዚህኛው ሌላ ነገር ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ የሆነ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ፋኑ ቆሟል፣ ኪቦርዱ አይሠራም። ሪስታርት ቢደረግ፣ ቢደረግ ያው ነው። ኢሲዋ ሪስታርት አትደረግማ! ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ሲቆይ ነው የተመለሰችው።

ይህ የእሱ ላፕቶፕ ጉድ ብቻ አይደለም። ሊኑክስ ውስጥ ኢሲ ሲስ የሚባል ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ቁራጭ፣ አለ። 256ቱን ባይቶች እንደ ፋይል ከፍቶ ያሳያል፤ ለምርመራ ነው። በነባሪ የሚፈቅደው ንባብ ብቻ ነው። መጻፍ የሚፈልግ ሆን ብሎ መክፈት አለበት። የሞጁሉ ማብራሪያም በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ኢሲዋ ልትደናገር ትችላለች፣ ተራ ሪስታርት አይበቃም፣ ማሽኑን አጥፍቶ ባትሪውን ለጥቂት ሰከንድ መንቀል ይጠይቃል ይላል። የዛሬዎቹ ባትሪዎች ውስጥ የተቀበሩ ናቸው። መንቀል ማለት መፍታት ማለት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሚመስል ማየት የምትፈልጉ ቲንክፓድ የሚባሉትን የሌኖቮ ላፕቶፖች ድራይቨር አንብቡ። በእነዚያ ማሽኖች የፋኑ ባይት ያለው በሄክስ 2ኤፍ ላይ ነው። ድራይቨሩ ይህን ባይት ለማንም ክፍት አያደርገውም። መጀመሪያ ማሽኑ የሚያውቀው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጣል። የፋን ቁጥጥር የሚፈልግ ሰው ሞጁሉ ሲጫን ጠይቆ ማስከፈት አለበት። ከዚያም ሰዓት ቆጣሪ ያስቀምጣል። ፋኑን የሚያዘው ፕሮግራም በመሃል ቢሞትና በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ሌላ ትእዛዝ ባይመጣ፣ ድራይቨሩ ራሱ ፋኑን መልሶ ያስነሳዋል። ቆጣሪውን ቢበዛ 120 ሰከንድ ድረስ መሙላት ይቻላል። ይህን የጻፈው ሰው የማያውቀው ሰው ላፕቶፕ እንዳይቃጠል ተጨንቋል። እኔን የማረከኝ ይህ ጭንቀቱ ነው።

የባትሪውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የሚደግፍ ድራይቨር ካለ፣ በሲስ (/sys) ማውጫ ውስጥ በባትሪው ስም ሥር ቻርጁ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስን ፋይል ይገኛል። 80 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ማሽኑ ሌኖቮ ይሁን አሱስ ፋይሉ ያው ነው። ወደቡን፣ አድራሻውን፣ የአምራቹን ጠባይ ድራይቨሩ ይሸከመዋል።

የጉግልን ሲስተም ስለሚጠቀመው ላፕቶፕ፣ ስለ ክሮምቡክም አንድ ነገር ልበል። እዚያ ኢሲዋ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ክፍት ነው፤ ማንም ማንበብ ይችላል። ንግግሩም ሥርዓት አለው። ትእዛዙ ቁጥር አለው፣ የዳታው ርዝመት ይነገራል። በሦስተኛው የፕሮቶኮሉ ስሪት የመልእክቱ ባይቶች ሁሉ ሲደመሩ የድምሩ ባይት ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ መንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው የመሞከሪያ ትእዛዝ ሄሎ ይባላል። አንድ ቁጥር ትልካላችሁ። እሷ በሄክስ 01020304 ደምራ ትመልስላችኋለች። ቁጥሩ ልክ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። መልእክቱ በኤልፒሲ ይሂድ፣ በአይ2ሲ ይሂድ፣ በኤስፒአይ ይሂድ፣ በየትኛውም የቺፕ መገናኛ መስመር ቢሄድ ለእናንተ ለውጥ የለውም። ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። መምህራን፣ እባካችሁ አንድ አሮጌ ክሮምቡክ ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ አስገቡ።

ከእናንተ የምፈልገውን ልንገራችሁና ላብቃ።

ጠጋኞች ሆይ፣ በቀን ውስጥ የምታዩትን የሞዴል ብዛት ድራይቨር የሚጽፉት ሰዎች በዓመትም አያዩትም። ሁሉም ዓይነት ያገለገለ ላፕቶፕ እጃችሁ ይገባል። ሲገባ የኤሲፒአዩን ሰንጠረዥ ቅዱ፤ ማንበብ ብቻ ስለሆነ ማሽኑን አይነካም። ውስጡ ፒኤንፒ0ሲ09 የሚለውን መለያ ፈልጉ፤ ኢሲዋ እዚያ ናት። ከሥሩ የባይቶቹ ስም ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። ከሞዴሉ ስምና ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚሠራው ፕሮግራም፣ ከባዮሱ፣ ስሪት ጋር አስቀምጡት።

ተማሪዎች፣ የእናንተ ሥራ ቻርጀሩን እየነቀላችሁና እየሰካችሁ የትኛው ባይት እንደሚለወጥ መመዝገብ ነው። በንባብ ብቻ! የባትሪ ገደብ የሌለው ሞዴል ካገኛችሁና ባይቱን ካረጋገጣችሁ፣ ስክሪፕት ጽፋችሁ አትበትኑት። ማሽኑን የሚለይ፣ ቁጥሩ ከ0 እስከ 100 መሆኑን የሚያረጋግጥ ድራይቨር ጻፉና ለከርነሉ አዘጋጆች ላኩ። ይመልሱላችኋል። መጀመሪያ እርማት ይበዛበታል፤ አትከፉ፣ አርማችሁ መልሳችሁ ላኩት። ከገባ በኋላ ያ ሞዴል ያለው ሰው ሁሉ፣ አዘዞም ይሁን አክራ፣ ሊኑክሱን ሲያድስ ያገኘዋል።

ከምሳ በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። ላፕቶፕና ቻርጀር ይዛችሁ ኑ። ኢሲ ሲስን ለንባብ ብቻ እንጭናለን፣ ከዚያ በየማሽኑ የሙቀቱን ባይት እንፈልጋለን። አመሰግናለሁ።