ከተማው በሙሉ አንድ ድምፅ፦ ስለ ፊኒ ካውንቲ ውሃ

ክቡራን አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የምንኖርባት ካውንቲ» የሚል ነው። አዲስ ለመጡት መሬቱን፣ ሕዝቡንና ሥራውን እንዳስተዋውቅ ታዝዣለሁ። አስተዋውቃለሁ፤ ውሃው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እንደምቆይ ከወዲሁ እወቁልኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፊኒ ካውንቲ በደቡብ ምዕራብ ካንሳስ የምትገኝ 1,300 ስኩዌር ማይል ገደማ ስፋት ያላት ሜዳ ናት። በ2020 ቆጠራ 38,470 ሰው ነበረባት፤ ከዚህ ውስጥ 28,151ዱ እዚሁ ጋርደን ሲቲ ነው። ዝናቡ በዓመት 19 ኢንች አካባቢ ነው፣ ወደ 480 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ከአርካንሳስ ወንዝ በስተደቡብ የአሸዋ ኮረብታ፣ በስተሰሜን ደግሞ ነፋስ ተሸክሞ ያመጣው ለም አፈር ይገኛል። ድልድዩን ስትሻገሩ ከታች የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ካንሳስና ኮሎራዶ በ1948 ወንዙን የሚካፈሉበት ውል ነበራቸው። ካንሳስ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ1995 «ኮሎራዶ ከውሉ በኋላ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሉን ጥሳለች» ተብሎ ተፈረደ፤ በ2005 ከ34 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ሃያ ዓመት የተሟገቱለት ወንዝ ግን ዛሬም ለእርሻው አይበቃም። እርሻው፣ ከብቱ፣ ከተማው፣ ሁሉም የሚጠጣው ኦጋላላ ከሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ሕዝቡን በተመለከተ፣ ከእኛ በፊት የመጡትን ማክበር ይገባናል። ሜክሲኮዎቹ የባቡር ሐዲዱን ሲሠሩና በ1906 ለተተከለው የስኳር ፋብሪካ ሹገር ቢት የሚባለውን ስኳር የሚወጣበት ሥር ሲያለሙ የአራት ትውልድ ታሪክ ትተዋል። ከ1980 በኋላ ቬትናሞች መጡ፤ ቀጥሎ በርማዎች፣ ሶማሌዎች፣ እኛ። በ2016 ሦስት ሰዎች የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን አፓርትመንት በቦምብ ሊያፈርሱ ሲዶልቱ ተይዘው፣ በ2019 ከ25 እስከ 30 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። በዚያ ሰሞን ከተማው ከማን ጋር እንደቆመ የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ።

አሁን ስለ ድምፅ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የካውንቲያችን ካርታ በስተምሥራቅ ለምን ወጣ ብሎ እንደተቀጠለ የሚያስረዳ ነው። ያ ክፍል በአንድ ወቅት ጋርፊልድ የተባለ ራሱን የቻለ ካውንቲ ነበር። ራቫና እና ኤሚነንስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ከተሞች «ዋና ከተማው እኔ ነኝ» ብለው ተጣሉ። በ1887 ድምፅ ተሰጠ፤ ራቫና አሸነፈች ተባለ። ኤሚነንስ «ቆጠራው ተጭበርብሯል» ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ተፈረደላትም። ራቫናዎች በዚህ አልተኙም። መሬቱ እንደገና ይለካ አሉ። የካንሳስ ሕግ አንድ ካውንቲ ከ432 ስኩዌር ማይል እንዳያንስ ያዝዛል፤ ሲለካ ጋርፊልድ አነሰች። ካውንቲዋ በ1893 ፈርሳ ከፊኒ ጋር ተቀላቀለች። ዛሬ ከሁለቱም ከተሞች የቀረው የፍርስራሽ ድንጋይና የመቃብር ቦታ ነው። ወንበሩን ሲሻሙ የተቀመጡበትን መሬት አጡ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ እንጀራችን ልምጣ። አይቢፒ የተባለ ኩባንያ በሆልኮም አጠገብ የስጋ ፋብሪካውን የከፈተው በ1980 መጨረሻ ነው። በ2001 ታይሰን ገዛው። ዛሬ በቀን 6,000 ያህል ከብት ያርዳል፤ ወደ 3,800 ሰው ይሠራበታል። ፋብሪካው እዚህ የመጣው ከብቱ እዚህ ስለሚደልብ ነው። ከብቱ እዚህ የሚደልበው መኖ ስላለ ነው። መኖው የበቀለው በጉድጓድ ውሃ ነው። እናንተ በየደቂቃው ቢላ የምትነክሩበት የ180 ፋራናይት ውሃም፣ ማታ የጽዳት ቡድኑ ወለሉን የሚያጥብበትም ያው የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

«በቆሎው አሁን በባቡር ከሌላ ስቴት ይመጣ የለ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ፍሬው ይመጣል። ሳይሌጅ ግን ከነአገዳው ተከትክቶ የሚታመቅ እርጥብ መኖ ነው፤ ክብደቱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሩቅ ቢጫን ኪሳራ ነው። አንድ የሚደልብ ሰንጋም በሙቀት ቀን እስከ 20 ጋሎን ይጠጣል፤ ያንን በባቡር የሚያመጣ የለም።

ከአውሮፕላን ያያችኋቸው ክብ ክብ ማሳዎች ፒቮት የሚባለው መስኖ ሥራ ናቸው። አንድ ረጅም ቧንቧ በጎማ በሚሄዱ ማማዎች ላይ ተንጠልጥሎ መሃሉ ላይ ባለ ምሰሶ ዙሪያ ይዞራል፤ 126 ኤከር ገደማ ያጠጣል። በውጭ በኩል ያለው ጫፍ በአንድ ዙር ብዙ መሬት ስለሚሸፍን፣ የውሃ መርጫ ኖዝሎቹ ከመሃል ወደ ጫፍ እየሰፉ እንዲሄዱ ተደርገው ይገጠማሉ። ለበቆሎ በወቅቱ 15 ኢንች ውሃ ቢሰጥ ያ አንድ ክብ ብቻ 51 ሚሊዮን ጋሎን ይወስዳል። ከዝናብ ወደ ታች ሰርጎ የሚተካው ግን በዓመት አንድ ኢንች አይሞላም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እዚህ አገር ሲሄድም እያሳሳቀ ነው። ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት አይነጥፍም። ድሮ በደቂቃ 1,000 ጋሎን ይሰጥ የነበረው 600 ይሆናል፤ ከዚያ 300። ኖዝሎቹ ለድሮው መጠን የተለኩ ስለሆኑ ግፊቱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚጠማው የክቡ ጫፍ ነው። ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ አሸዋ ገብቶ ምላጩን ይበላዋል። ባለ እርሻው ሁለት ሦስት ጉድጓድ አገናኝቶ አንድ ፒቮት ይነዳል። ቀጥሎ የክቡን ግማሽ ብቻ በቆሎ ይዘራል፤ ቀጥሎ ወደ ማሽላ ይዞራል። በመጨረሻ በዝናብ ብቻ ስንዴ ይዘራና አንዱን ዓመት መሬቱን ያሳርፋል። በደቡብ ምዕራብ ካንሳስ ውሃው ከ100 ጫማ በላይ የወረደባቸው ቦታዎች አሉ።

ገበሬው ጠላታችን አይደለም። ጎረቤታችን ነው፣ እንጀራችንም ከእርሱ ማሳ ይጀምራል። የእኔ ቅሬታ ድምፅ አቆጣጠሩ ላይ ነው።

በ1976 የተቋቋመው ሦስተኛው የከርሰ ምድር ውሃ አስተዳደር ዲስትሪክት ቢሮው እዚሁ ጋርደን ሲቲ ነው። ቦርዱን ማን ይመርጣል? በሕጉ መሠረት ከከተማ ክልል ውጭ 40 ኤከርና ከዚያ በላይ የተያያዘ መሬት ያለው፣ ወይም በዓመት ቢያንስ አንድ ኤከር-ጫማ፣ ማለትም 325,851 ጋሎን የሚጠቀም። ከተማስ? ከተማ በሙሉ እንደ አንድ ውሃ ተጠቃሚ ይቆጠራል። 28,000 ሰው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ሱቁ፣ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቤቱ የሚገባው ሠራተኛ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ድምፅ! 40 ኤከር ባዶ መሬት ያለው አንድ ሰው ደግሞ አንድ ድምፅ። ይህ ሚዛን ነው? ጉድጓዱ ሲደርቅ ባለ መሬቱ መሬቱ ይቀርለታል፤ እኛ የሚቀርልን የቤት ብድር ነው።

የሚሆነውን አይተነዋል። በ2000 የገና ቀን የኮንአግራ ስጋ ፋብሪካ ተቃጠለ። እንደገና አልተሠራም፤ 2,300 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ኦገስት 9፣ 2019 የታይሰን ፋብሪካ ሲቃጠል ግን ኩባንያው ለሠራተኛው የሳምንት 40 ሰዓት እየከፈለ በዲሴምበር መልሶ ከፈተው። እንደገና መሥራቱ የሚያዋጣው በዙሪያው ከብት እስካለ ድረስ ነው። ከብቱ ከሄደ እሳትም አያስፈልግም።

መላ የለውም እንዳትሉ። በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ፣ ሼሪዳን ካውንቲ አካባቢ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ከ2013 ጀምሮ በአምስት ዓመት ከ55 ኢንች በላይ ላለማጠጣት ደነገጉ። አንድ ዓመት ድርቅ ቢሆን ከሚቀጥለው መበደር ይቻላል፤ ዋናው የአምስቱ ዓመት ድምር ነው። አፈሩ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ቀበሩ፣ የዘሩን ብዛት ቀነሱ። የሚቀዱት ውሃ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀነሰ፤ ምርቱ ግን የጎላ ጉዳት አልደረሰበትም፣ የፓምፕ ወጪ ስለቀነሰም ትርፉ አልተጎዳም። «ካልቀዳሁ መብቴን እነጠቃለሁ» የሚለው አሮጌ ሰበብም፣ ለአዲስ ጉድጓድ በተዘጉ አካባቢዎች ከ2012 ጀምሮ በሕግ ተነሥቷል። የ2023ቱ ሕግ ደግሞ ዲስትሪክቶቹ በጣም የወረደባቸውን ቦታዎች ለይተው፣ የሥራ ዕቅዳቸውን እስከ ጁላይ 1፣ 2026 እንዲያቀርቡ አዝዟል።

እኛ ምን እናድርግ? የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለመግባት ዜግነትም መሬትም አይጠየቅም። ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የኛ አካባቢ ውሃ በዚህ ዓመት ስንት ጫማ ወረደ? በኢንች የተቀመጠ ገደብ አለ ወይ? ከተማውን ወክሎ ያንን አንድ ድምፅ የሚሰጠው ማነው? የመጨረሻውን የከተማውን ማዘጋጃ ቤትም ጠይቁ፤ የከተማው አምስት ኮሚሽነሮች የሚመረጡት ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት በኖቬምበር ነው። ራቫናና ኤሚነንስ ድምፁን ሲሻሙ ጠፉ፤ እኛ ደግሞ ያለንን አንዱን እንኳ ማን እንደያዘው ሳንጠይቅ እንዳንጠፋ።

ዜጋ የሆናችሁ የመራጭ መመዝገቢያው ፎርም መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ከምርጫው ከ21 ቀን በፊት ካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ መድረስ አለበት። ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን እባካችሁ አትፈርሙ፤ በስህተት እንኳ ቢሆን የዜግነት ጉዳያችሁን ያበላሽባችኋል። እናንተ በስብሰባው ተናገሩ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ በአማርኛ ጻፉልን፤ ወጣቶቹ ተርጉመው ያቀርቡላችኋል።

አመሰግናለሁ።