ወፏ ምንቃሯን አላሳደገችም

እንደምን አላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲወራ አንድ የማትቀር አነጋገር አለች። “ከአካባቢው ጋር ለመላመድ ብሎ ተለወጠ” እንላለን። እኔም ለዓመታት የገባኝ እንደዚያ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ይህችን “ብሎ” የምትለዋን ቃል እንድንጥላት ልለምናችሁ ነው። ልለወጥ ብሎ የተለወጠ እንስሳ የለም።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካሉት ከጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ዳፍኔ ሜጀር ትባላለች፣ ትንሽ ናት። ፒተር እና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ከ1973 ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) እየተመላለሱ ፊንች የተባሉትን ወፎች እየያዙ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ፣ ምንቃራቸውን እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። በ1977 ዝናብ ጠፋ። መጀመሪያ ያለቁት ትንንሾቹና ለስላሳዎቹ ፍሬዎች ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ትልልቅና ጠንካራ፣ አንዳንዱም እሾህ ያለው ፍሬ ነበር። እሱን ለመፈልቀቅ ደግሞ ወፈር ያለ ምንቃር ያስፈልጋል። 1,200 ገደማ የነበሩት ወፎች ወደ 180 ወረዱ።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ከተረፉት ውስጥ ስለራባት ምንቃሯን ያወፈረች አንዲት ወፍ የለችም። ድሮም ወፍራም ነበር። ቀጭን ምንቃር የነበራቸው ናቸው በብዛት ያለቁት። የተረፉት ወለዱ፣ ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን ምንቃር ወረሱ። ከድርቁ በፊትና በኋላ ያለው አማካይ የምንቃር ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም! ተፈጥሯዊ ምርጫ የምንለው ይኸው ነው። መራጭ የለውም፤ ወፎቹ ከመጀመሪያውም እኩል አልነበሩም፣ ልዩነታቸው ደግሞ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በቃ።

የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ምርጫውን አሳምሮ አስረድቷል። የተቸገረው ውርስ ላይ ነው። በዘመኑ ብዙዎች የእናትና የአባት ባሕርይ እንደ ሁለት ቀለም ይዋሃዳል ብለው ያምኑ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ማንኛውም ጠቃሚ ልዩነት በጥቂት ትውልድ ተበርዞ ይጠፋል፤ የሚመረጥ ነገር ከየት ይመጣል?

መልሱ ግሪጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ አተሮች ውስጥ ነበር። ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር አዳቀለ። ልጆቹ ሁሉም ክብ ሆኑ። መጨማደዱ የጠፋ መሰለ። እነዚያኑ ዘርቶ በራሳቸው እንዲራቡ ሲተዋቸው ግን ከ7,324 ፍሬ ውስጥ 5,474 ክብ፣ 1,850 የተጨማደደ አገኘ። ሦስት ለአንድ ገደማ ነው። የተጨማደደው ሳይበረዝ፣ እንደ አያቱ ሆኖ ተመለሰ። እኔ ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል። ሜንዴል ይህን ያሳተመው በ1866 ነው፤ እስከ 1900 ድረስ ግን ትኩረት የሰጠው የለም ማለት ይቻላል። ያኔ ዳርዊንም ሜንዴልም ሞተው ነበር።

አሁን ወደ ደሴቷ እንመለስ። በ1983 ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ትንንሽ ፍሬ ደሴቷን ሞላ። ቀጥሎ ድርቅ ሲመጣ በተራቸው የተሻለ የተረፉት ትንሽ ምንቃር ያላቸው ሆኑ። ምንቃር እንደ አተሩ ቅርጽ በአንድ ዘረመል (ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው፣ ጂን የምንለው) አይወሰንም፣ ብዙ ዘረመሎች አሉበት። ግን እነሱም አይበረዙም። የትንሹ ምንቃር ዘረመሎች ከ1977 በተረፉት ወፎች ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠው ነበር።