የመኪናው ወንበርና የአያት እቅፍ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ለሚኖሩ አዲስ ወላጆች ስለ ሕፃናት የመኪና ወንበር፣ ሁላችንም «ካር ሲት» ስለምንለው ዕቃ ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን አንድ ሐሳብ ላካፍላችሁ ነው። በእኛ ቤት ይህ ትምህርት ለእናትና ለአባት ብቻ ከተሰጠ ግማሹ ይባክናል፤ ልጃቸውን ለማረስ ከአገር ቤት የመጡት አያት አልሰሙትምና፤ ሕፃኑን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት እርሳቸው ናቸው።

ብዙ አስተማሪዎች ከሕጉ ይጀምራሉ። በቨርጂኒያ ከ2019፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከ2022 ወዲህ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ መቀመጥ አለበት። እኔ ግን ከሕግ መጀመርን አልወደውም። ቅጣት ፈርቶ ልጁን የሚያስር ሰው መንገዱ አጭር በሆነ ቀን «ቅርብ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሕፃኑ በወንበሩ ከሚታሰር «በእቅፌ ይሁንልኝ» የሚሉት አያትም ይህን የሚሉት ሕግ ለመጣስ ሳይሆን ልጁን ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ መልሳችን ከዚያው ከመጠበቅ ፍላጎታቸው መነሣት ይኖርበታል።

እቅፍን ማመን የእኛ ብቻ እንዳልሆነም እነግራቸዋለሁ። በአሜሪካ ሕፃናት በመኪና ወንበር እንዲቀመጡ ያስገደደው የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ሕግ በ1978 በቴነሲ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለሕጉ መውጣት ብዙ የደከሙት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሮበርት ሳንደርስ ያልፈለጉት አንቀጽ ገብቶበት ነበር፤ ሕፃኑ በሰው ክንድ ከታቀፈ ይበቃል የሚል። ዶክተሩ አንቀጹን «ሕፃን ጨፍላቂ» እያሉ ተከራከሩት፤ በ1981ም ተሰረዘ። አያቶቹ ይህን ሲሰሙ «ፈረንጆቹም እንዲህ ያስቡ ነበር?» ብለው ይገረማሉ፤ ከዚያ በኋላ የምናገረውን እንደ ወቀሳ አይሰሙትም።

ታዲያ እቅፍ ለምን አይበቃም? በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ሲጋጭ መኪናው ይቆማል እንጂ በውስጡ ያለው ሰው በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት 4 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በያዘው ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የክብደቱን 20 ወይም 30 እጥፍ ሊያህል ይችላል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በድንገት ከእጅ ሲመነጨቅ ማለት ነው። ያቀፈው ሰው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ደግሞ የገዛ ሰውነቱ ሕፃኑን ከፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። እዚህ ላይ የእናት ጉልበትም ፍቅርም አይመዘንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ፊቱ ለምን ወደ ኋላ?» የሚለው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የምሰጠውም ለእርሱ ነው። የጨቅላ ጭንቅላት ከተቀረው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ የአንገቱ አጥንቶችም ገና አልጠነከሩም። ፊቱ ወደፊት ከሆነ ማሰሪያው ደረቱን ሲይዘው ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል፤ ወደ ኋላ ከሆነ ግን የወንበሩ ጀርባ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድነት ተቀብሎ ኃይሉን ያከፋፍለዋል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን በ1960ዎቹ ይህን ዓይነት ወንበር ሲያስቡ መነሻ የሆናቸው፣ ጀሚናይ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ፕሮግራም ጠፈርተኞች ሲተኮሱ ጀርባቸውን አስደግፈው የሚቀመጡበት አኳኋን ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 ምክሩን ሲያሻሽል የዕድሜ ገደቡን ትቶ፣ ልጁ ወንበሩ የሚፈቅደውን ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ በዚሁ አቀማመጥ ይቆይ አለ። «እግሩ ተጣጠፈ፤ አያመውም ወይ?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ልጆች ግን እግራቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይቸግራቸውም፤ የተጎዳ እግርም ከተጎዳ አንገት ይልቅ ይድናል። ይህ ወንበር ኤርባግ (በግጭት ጊዜ በድንገት የሚነፋ የአየር ከረጢት) ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ እንደማይቀመጥ ግን ያለ ክርክር እናገራለሁ።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባካሄደው ጥናት፣ ከታዩት ወንበሮች 46 በመቶው የአጠቃቀም ስሕተት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ንግግር ብቻ አይበቃም። እናቲቱ በስምንተኛው ወር ላይ ሳለች፣ በራሳቸው መኪናና በራሳቸው ወንበር፣ በሕፃኑ ፈንታ አሻንጉሊት አስቀምጠው ማሰር ያለባቸው አያትየው ራሳቸው ናቸው፤ የእኔ ሥራ እጄን ወደ ኋላ አጣምሮ ማየት ነው። ወንበሩ የመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት በኩል ተይዞ ሲነቀነቅ ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። የትከሻው ማሰሪያ ከሕፃኑ ትከሻ እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይወጣል፤ የደረቱ መያዣ በብብቱ ትይዩ ይሆናል፤ ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ከተቻለ ገና ላልቷል። ይህን ቁንጥጫ አያቶች ከወላጆቹ ፈጥነው ይለምዱታል፤ እጃቸው ልጅ መጠቅለል ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ፈተናው የሚከብደው በክርስትና ቀን ነው፤ በተለይ የወንዱ 40 ወይም የሴቷ 80 ቀን ክረምት ላይ ከዋለ። ሕፃኑ በማለዳ ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደተጠቀለለ ወንበሩ ላይ ይታሰራል። ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ልብሱ ተጨምቆ በማሰሪያውና በሰውነቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በስስ ልብስ አስሮ፣ ካጠበቁ በኋላ ጋቢውን ከላይ ማልበስና ፊቱን ገልጦ መተው ይገባል። ከመኪና ከወረዱ በኋላም ሕፃኑ እንቅልፉን በዚያው ወንበር አይቀጥል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹ ሊታፈን ስለሚችል ወደ አልጋው ይዛወር። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት» ሲል ይህን መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ከወዳጅ የሚሰጥ ያገለገለ ወንበር መቀበል ነውር የለውም፤ ሆኖም ከባድ አደጋ የደረሰበት አለመሆኑን መጠየቅና በፕላስቲኩ ወይም በመለያው ላይ የታተመውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ማየት ያስፈልጋል። የሚያስተምራችሁ ካጣችሁ፣ ሴፍ ኪድስ የተባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት የሰጣቸው ባለሙያዎች ወንበሩን በነጻ የሚያዩባቸው ቦታዎች አሉ። በሁሉም የእሳት አደጋ ጣቢያ ስለማይገኙ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ የመኪናውንም የወንበሩንም መመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።