«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

(በጎንደር በተካሄደ የቼዝ ውድድር መዝጊያ ላይ ከዳኛው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ተወዳዳሪዎችና እንግዶቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ!

ትናንት የመጨረሻው ጨዋታ አቻ ሲያልቅ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አሉኝ። «ማንም» ስላቸው «አራት ሰዓት ሙሉ ተጎልተው?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። «ተስማምተው ነው» እያላችሁ ያጉረመረማችሁ ልጆች ግን አላችሁ። የዛሬው ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው።

ተስማምተው አቻ የሚወጡ አሉ፤ አልደብቅም። ገና ፈረሶቹ ሳይሞቃቸው ተጨባብጠው ቡና ሊጠጡ የሚሄዱ። እኔም አልወድላቸውም። የትናንቱ ግን ሌላ ነው።

ነጩ መሐል ሜዳ ላይ አንድ ወታደር ተርፎታል። ሁለቱም አንዳንድ ግንብ አላቸው፤ መቼም ለጎንደር ሰው የግንብን ነገር አላስረዳም። ጥቁሩ ግንቡን ከራሱ ወገን ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ የነጩን ንጉሥ አላሳልፍ አለው። ከዚያ ግንቡን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ብቻ! ፈሪ ያስመሰለው ይኼ ነው። ነጩ መላ ሲያጣ ወታደሩን ገፋ። ወታደሩ እዚያው ረድፍ ላይ እንደ ረገጠ፣ ግንቡ ሽው ብሎ እስከ ሰሌዳው ዳር ወረደና ከኋላ ቼክ፣ ማለትም «ንጉሥህን አድን» የሚያሰኝ ጥቃት፣ ያዘንብ ጀመር። ንጉሡ የት ይግባ? ሊጠለልበት ያሰበውን ቦታ የገዛ ወታደሩ ይዞበታል። አቻ የሆነውም ለዚህ ነው።

ዘዴውን ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር እ.ኤ.አ. በ1777 አሳይቶታል። ታዲያ ሰዓቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ማን ያስታውሰዋል? እኔ በወጣትነቴ እዚሁ አቋም ላይ ደርሼ፣ ደንግጬ ግንቤን ንጉሤ ጎን ጎትቼ ወሸቅሁት። ተሸነፍኩ። ትናንት ጥቁሩን የያዘው ልጅ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የተጀመረው የካርፖቭና የካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ 48 ጨዋታ ተደርጎበት 40ው አቻ ነበር፤ በ1985 አሸናፊ ሳይለይ ተቋረጠ። አባታችን እዚያ ቢሆኑ ስንት ነጠላ ያጣፉ ነበር!

የትናንቱ አቋም እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። «እኔ ብሆን አሸንፍ ነበር» የሚል ነጩን ይያዝ፤ ጥቁሩን እኔ እይዛለሁ። ከሽልማቱ በኋላ ቡናው እስኪፈላ እጠብቃችኋለሁ።