የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሕዝቧ ተሰዶ የተመለሰባት ደሴት፣ አኦጋሺማ

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ «ጃፓን ውስጥ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እውነት ነውን?»

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። አኦጋሺማ ከቶኪዮ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ብትገኝም በአስተዳደር የቶኪዮ አካል ናት። ደሴቲቱ ከባሕር በላይ ብቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ጫፍ ስትሆን፣ በውስጧ ኢኬኖሳዋ የተባለ ስፋቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ በዚያም ውስጥ ማሩያማ የሚባል ሌላ ትንሽ ኮረብታ ቆሟል። ከ200 የማይበልጡት ነዋሪዎች መንደር ግን ከጎድጓዳው ውጭ፣ በሰሜን በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ነው።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ «እሳቱ ፈንድቶ ያውቃል? ሰዎቹስ ምን ሆኑ?»

መልስ፦ እናታችን፣ የደሴቲቱ ታሪክ ዋና ነገር ይህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 እሳተ ገሞራው በኃይል ሲፈነዳ ከ327 ነዋሪዎች 200 ያህሉ በጀልባ ወደ ሃቺጆጂማ ደሴት ሲሸሹ፣ 130 ያህሉ አልቀዋል። ስደተኞቹ የደረሱባት ደሴት ራሷ በዚያ ዘመን በረሃብ የተጎዳች ስለነበረች ኑሯቸው እጅግ መራራ ሆነ። ለመመለስ ደጋግመው ቢሞክሩም ማዕበል ጀልባዎቻቸውን እየገፋ ወደ ሩቅ ዳርቻ ወሰደባቸው፤ በመንገድ የቀሩም ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ሳሳኪ ጂሮዳዩ የተባለው መሪያቸው መመለሱን በሥርዓት አቅዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ሕዝቡ ወደ አገሩ ገባ። አመድ የዋጠውን እርሻ መልሶ ለማቅናት ከዚያ በኋላም ዓመታት ስለፈጀባቸው፣ መሬቱ ተለክቶ መንደሩ እንደ ቀድሞው ግብር ከፋይ የሆነው በ1835 ነበር። ስደቱ በተጀመረበት ዓመት የተወለደ ልጅ በዚያ ጊዜ የ50 ዓመት ጎልማሳ እንደሚሆን ስናስብ፣ ብዙዎቹ «ተመላሾች» አኦጋሺማን ከወላጆቻቸው አንደበት ብቻ የሚያውቋት እንደነበሩ እንረዳለን። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «ዛሬስ በምን ይተዳደራሉ?»

መልስ፦ ያ እሳት ዛሬ ያገለግላቸዋል። ሂንግያ ብለው በሚጠሩት ከመሬት የሚወጣ ትኩስ እንፋሎት የባሕር ውኃ አትንነው ጨው ያወጣሉ፣ ስኳር ድንች ይቀቅላሉ፣ ገላቸውንም ይታጠናሉ። ከስኳር ድንችም አረቄ ያወጣሉ። መጓጓዣው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ዙሪያዋ ገደል ስለሆነ መርከብ የሚጠለልበት የባሕር ወሽመጥ የላትም፣ ማዕበል በተነሣ ቀን መርከቡ ሳይመጣ ይቀራል፣ የአሣ አጥማጆቹንም ጀልባዎች በብረት ገመድ ስበው ወደ ላይ ያወጧቸዋል።